ከሞጣ ቢቸና በአየር

ከሞጣ ቢቸና በበቅሎ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ያን ጊዜ ሞጣ አስተማሪ ነበርኩና ለእናቴ ነጠላ ገዝቼ፣ ዘንድሮስ በአውሮፕላን ነው የምሄደው ብዬ ተሳፈርኩ። ገና ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ሳልቀመጥ ቢቸና ሜዳው ላይ አረፍን። ይህንን ጉድ ለእናቴ ላወራላት እየተጣደፍኩ ሰፈር ስደርስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። እህቴን ሊድሩ ነው ብዬ እየሳቅኩ፣ በር ላይ ያገኘኋቸውን ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩነሽን፣ «ምነው ሳትጠሩኝ ደገሳችሁ?» አልኳቸው። ክንዴን ጭምድድ አድርገው ያዙና፣ «አጎትህ አልነገሩህም እንዴ?» አሉኝ። «ምኑን?» ስል ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው አየኝና ባንድ ላይ ጮኸ። እናቴ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እኔም ነጠላውን እንደታቀፍኩ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ለካ አጎቴና የነፍስ አባታችን መርዶ ሊነግሩኝ በበቅሎ ወደ ሞጣ ሄደው ኖሯል። እንደ ወጉ ሳይነጋ በሬን ቢያንኳኩ ማን ይክፈት። ተመልሰው ሲመጡ አጎቴ አቅፈውኝ ብዙ ካለቀሱ በኋላ፣ «መንገድ ላይ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብለን አየነው» አሉኝ። «አባም፣ ‹እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ምንኛ የታደለ ነው› አሉ።»