ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ኮት

የመምህርነት ቅጥር ምዝገባው በዚያው ዕለት የሚዘጋ ባይሆን ኖሮ፣ አርባ ምንጭ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ፊርማ ከማለዳ ጀምሬ ባልተገተርሁ ነበር። የኃላፊው ጸሐፊ በተከፈተው በር በኩል ወንበር ላይ የተሰቀለውን ኮት እያሳየች "ኮታቸው አለ፤ የት ይሄዳሉ?" ትለናለች። ትዕግሥቴ ቢሟጠጥ፣ ከድሮ ጋዜጣ ተሰብስቦ የታተመ የካርቱን መጽሐፌን አውጥቼ ገለጥሁ። እነሆ፣ ገጹ ላይ ባዶ ኮት ወንበር ላይ ተሰይሞ ባለጉዳይ ያስተናግዳል! ከጨንቻ የወረዱ አንድ አባት በትከሻዬ አሻግረው አይተው "አዬ ጉድ! የእኛኑ ኮት ሳሉት!" ሲሉ ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ።

ጸሐፊዋ ተቆጥታ ወጣች። "ማነው የቢሯችንን ጉድ ለጋዜጣ የሰጠው?"

"እኅቴ፣ ይህ ሥዕል እኮ እኔም አንቺም ሳንወለድ የታተመ ነው።"

"ታዲያ ሠዓሊው የእሳቸውን ኮት የት አየው?" ብላ መጽሐፉን ነጠቀችኝ። ጥቂት ገጽ እንደገለጠች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ልቧ ራርቷል ብዬ "ፊርማዬስ? ምዝገባው እኮ ዛሬ ይዘጋል!" አልኋት፣ ምሬቴን መደበቅ ተስኖኝ።

"ምን ላድርግህ ወንድሜ? ነገ ተመለስ" አለች፣ ዐይኗን ከገጹ ሳታነሣ። "መጽሐፉን ግን ተወው፤ እሳቸው ሳይመጡ ልጨርሰው።"