ሴቭ ባደረግሁ ቁጥር

ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች የጽሕፈት ሠራተኛ አጠገቧ ላሉት አዛውንት ታወራለች።

«ወንድሜ ጅዳ ሊሄድ ሲል ኮምፒውተሬን አዞት ሄደ። ጽሑፍ ሴቭ ባደረግሁ ቁጥር ከግርጌው ‹ለእማዬ ደውይ› ብሎ ራሱ ይጽፋል።»

«ማሻ አላህ! ይሄ ምን ይከፋል?»

«ሁልጊዜ አጥፍቼው ነው የማትመው። ትናንት ግን ቸኩዬ ሳላጠፋው የአንዲት ባለጉዳይ ማመልከቻ ላይ ወጣ።»

«አብሽሪ፣ ልጄ። ተቆጣች?»

«ዛሬ ጠዋት ተመልሳ መጣች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ ‹ደወልኩላት› አለችኝ።»

«ከእናቷ ጋር ተኳርፈው ኖሯል?»

«ከኢድ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።»

«ያ ረቢ! ታዲያ ትዕዛዙን ልታነሺው ነው?»

«ኧረ አላነሳውም፣ አባቴ።»

እኔ ከስልኬ ያላጠፋሁትን የሟች እናቴን ቁጥር ከፍቼ ሳየው ከሚሴ ደረስን።