ሌዘር ያደረቀው ዓይን

መነጽር ሰልችቶኝ ዓይኔን በሌዘር ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ሐኪሙ፣ «ለጥቂት ወራት ዓይንህ ይደርቃል፤ ጠብታው ከኪስህ አይለይ» ብሎኛል። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚያደርገኝ ግን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ያሳደጉኝ አጎቴ ኦቦ ቶሎሳ ሰበታ አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ አንጀቴ እየተንሰፈሰፈ ጮኼ ባለቅስም እንባ የሚባል ጠብ አልል አለ። አክስቴ ትክ ብለው አዩኝና፣ «ያሳደገህን ሰው በደረቅ ዓይን ትሸኘዋለህ?» አሉኝ። «ሌዘሩ ነው አክስቴ» ብል ማን ሊሰማኝ።

ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁረኝ ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ ጠብታዬን በላይ በላዩ ጨመርኩበት። ጉንጬ ርሶ ስመለስ አክስቴ እቅፍ አድርገው፣ «አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ» አሉኝ። ከአንጀቴ ያለቀስኩት ሳይቆጠር፣ ከፋርማሲ የገዛሁት ተቆጠረልኝ።