ትርሲት የታመመችው መቼ ነው?

አዲስ አበባ፣ የልብ ሐኪም ክፍል፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ዶክተር ይልቃል ፊት ቆመዋል፣ ልጃቸው ትርሲት ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

እንጉዳይ፦ ዋሽቻለሁ አልኩዎት እኮ! የምን ከልጅነቷ ጀምሮ ነው? ያመማት ዘንድሮ ነው።

ይልቃል፦ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እማማ።

እንጉዳይ፦ አልቀመጥም። ያንን ቃሌን ይሰርዙልኝና እቀመጣለሁ።

ይልቃል፦ ታዲያ ያን ዕለት ለምን እንደዚያ አሉኝ?

እንጉዳይ፦ እኛ የለመድነው ሐኪም ቤት፣ «ትንሽ አመመኝ» ያለ ወረፋ ላይ ይመሽበታል፤ «ልሞት ነው» ያለ ይገባል። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም። እኔም ቶሎ እንዲያዩልኝ አበዛሁት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ይልቃል፦ እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

እንጉዳይ፦ ማን ነገረኝ? ገና አሁን በረንዳው ላይ ሰማሁ። በፊኛ የሚታከመው ሕመሙ ያልቆየበት ነው አሉ።

ይልቃል፦ እውነታቸውን ነው። ፊኛውን በጭኗ የደም ሥር አስገብተን ልቧ ድረስ እንወስደዋለን። እዚያ ይነፋና እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ የልብ ምቷን የሚያዛባውን ቦታ በብርድ ያደርቀዋል። ሕመሙ ከቆየ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ይሰራጫል።

እንጉዳይ፦ ለብርድ ለብርድማ ደብረ ብርሃን አይደል የወለድኳት? ብርድ የሚያድን ቢሆን ገና ድሮ ትድን ነበር።

ይልቃል፦ አሳቁኝ እኮ።

እንጉዳይ፦ ይሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ያስገቡልኝ።

ይልቃል፦ ከውጭ አገር የመጡት ሐኪሞች ይዘውት የመጡት ፊኛ ጥቂት ነው፣ እማማ። ይድንበታል ብለን ለገመትነው ሰው ነው የምንሰጠው።

እንጉዳይ፦ እሷ ለምን አትድንም? ውሸቴን ነበር እያልኩዎት!

ይልቃል፦ የገመትኩት በእርስዎ ቃል አይደለም። ልቧን በአልትራሳውንድ አየሁት። የላይኛው የግራ ክፍል ተለጥጧል። የዘንድሮ ሕመም እንዲህ አያደርገውም።

እንጉዳይ፦ ማሽኑ ቢሳሳትስ?

ይልቃል፦ ደግሜ ለካሁት። ሌላ ሐኪምም አስለካሁ።

እንጉዳይ፦ እኔ እናቷ ነኝ! አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ታማ ቢሆን አላውቅም ነበር?

ይልቃል፦ ትርሲት እንዳልነግርዎ ለምናኝ ነበር። ግን በዋሹት ራስዎን ሲኮንኑ ማየት አላስቻለኝም። ውሸት ነው ያሉት እውነት ነው፣ እማማ። የጀመራት ተማሪ ሳለች ነው። ልቧ ሲርገበገብ ግድግዳ ይዛ ትቆም ነበር።

እንጉዳይ፦ ግድግዳ ይዛ... እኔኮ ሰነፍ እላት ነበር። «ውኃ ቅጂ ስትባል ግድግዳ የምትደግፍ» እያልኩ ለጎረቤት አማት ነበር።

ይልቃል፦ አላወቁማ።

እንጉዳይ፦ ለምን አትነግረኝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ አይደል ያሳደግኳት!

ይልቃል፦ የጀመራት አባቷ በሞቱ ሰሞን ነው። «እማዬ ሌላ ሐዘን አትችልም» አለችኝ።

እንጉዳይ፦ ይቺ ልጅ! ይቺ ልጅ...

ይልቃል፦ ክኒኑን ትቀጥላለች፣ ደም የሚያቀጥነውንም። በዚያ ይኖራል።

እንጉዳይ፦ ይዳናል ግን አላሉም።

ይልቃል፦ አላልኩም።

እንጉዳይ፦ በፊኛው ቢሞከርስ? እንዲያው ለዕድሏ?

ይልቃል፦ ምቱ ተመልሶ ይዛባባታል። ያን ፊኛ ደግሞ የሚድንበት ሰው ያጣዋል። አጠገቧ የተቀመጠችው አራስ ተራዋን እየጠበቀች ነው።

እንጉዳይ፦ አይቻታለሁ። ሕፃኑን ያቀፈችላት ትርሲት ናት።

ይልቃል፦ ልጥራትና እኔው ልንገራት?

እንጉዳይ፦ አይጥሯት። ወረፋው ሞላ አሉ እላታለሁ።

ይልቃል፦ አታምንዎትም እኮ።

እንጉዳይ፦ አታምነኝ። እሷ ይህን ሁሉ ዓመት ጤነኛ መስላ ኖራልኛለች፤ እኔም ያልሰማሁ መስዬ እወጣለሁ።