የሐሙስ ውሃ

ሐሙስ ረፋድ፤ ደላላው ደምሰው የሚከራይ ቤት ሊያሳያቸው ወይዘሮ አስካለን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥቷቸው፣ ሁለቱም ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆመዋል።

አስካለ፦ ቆይ፣ አታጣድፈኝ። ማክሰኞ ልየው ስልህ አይመቸኝም፣ ረቡዕ ስልህ አይመቸኝም። ዛሬ ምን ተገኘ?

ደምሰው፦ ሥራ ነዋ፣ ማዘር። ስሯሯጥ ነው የምውለው።

አስካለ፦ የነበሩት ሰዎችስ ለምን ወጡ?

ደምሰው፦ የራሳቸውን ቤት ሠርተው። ገደኛ ቤት ነው።

አስካለ፦ ይህን ስትል ዓይንህ መሬት መሬት ያያል። ሌባስ?

ደምሰው፦ ጥበቃ አለ እኮ። ስንገባ አላዩትም?

አስካለ፦ ተኝቶ አየሁት። መታጠቢያ ቤት የተገተረው በርሜልስ ምንድን ነው?

ደምሰው፦ እሱማ... ጤፍ ያስቀምጡበት ነበር።

አስካለ፦ ጤፍ? መታጠቢያ ቤት? ውሃ ይጠፋል በለኛ።

ደምሰው፦ የእኔን ወሬ ይተዉት። ቧንቧው ያውና፣ በእጅዎ ይክፈቱት።

አስካለ፦ እስቲ... ኧረ ይሄስ ይንፎለፎላል። እንዲህ ያለ ውሃ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ደምሰው፦ አላልኩም?

አስካለ፦ ያመንኩት ቧንቧውን ነው፣ አንተን አይደለም። በቃ ወስጄዋለሁ። ቁልፉን ወዲህ በል።

ደምሰው፦ ይኸው፣ ይባርክልዎት። መቼ ይገባሉ?

አስካለ፦ ነገውኑ። ልጄ በኦፕራሲዮን መንታ ተገላግላ ሆስፒታል ተኝታለች። ያለሁበት ቤት ውሃ የለም፤ የሕፃናቱን ጨርቅ የማጥብበት አጥቼ ነው እንዲህ የምንከራተተው። አራስነቷን እዚህ ትጨርሳለች።

ደምሰው፦ መንታ?

አስካለ፦ መንታ። ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?

ደምሰው፦ ማዘር፣ ቁልፉን ይመልሱልኝ። ሌላ ቤት እፈልግልዎታለሁ፤ ኮሚሽንም አልቀበልዎትም።

አስካለ፦ ለምን ሲባል?

ደምሰው፦ ውሃው የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ዛሬ ያመጣሁዎትም ለዚያ ነው። ሌላውን ቀን ከታች በጀሪካን ነው የሚወጣው። ለአራስ አይሆንም።

አስካለ፦ አሃ፣ አሁን ገባኝ። የሚጨምርልህ ሰው አግኝተሃል።

ደምሰው፦ ልጆቼን! ማንም አልጨመረልኝም። ካላመኑኝ ጎረቤት ያንኳኩና ይጠይቁ።

አስካለ፦ ጎረቤቱንም መክረኸዋላ።

ደምሰው፦ ማዘር፣ በእግዜር፣ አሁን የምነግርዎት እውነቴን ነው።

አስካለ፦ በገዛ እጄ ከፍቼ ያየሁትን ውሃ የለም ትለኛለህ? ዞር በልልኝ፤ ልጄ ነገ እዚህ ትገባለች።