ጉልበትዎ እንዴት ነው?

ባለቤቴ ከመታመሙ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የወጣነው መርካቶ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ልንገዛ ነበር። ስንመለስ የተሳፈርንበት ውይይት ታክሲ ሰዉን ፊት ለፊት አስቀምጦ ጉልበት ለጉልበት ያጋጥማል። አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ግራ እግራቸውን ዘርግተው መተላለፊያውን ዘግተውታል።

«ጋሼ፣ እግርዎን ሰብሰብ ቢያደርጉልኝ» አሉ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ ጠና ያሉ ሴት።

«አይታጠፍም እትዬ። ነገ ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው።»

«ጉልበት ከሆነ እኔም አምና ተደርጌያለሁ። በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ገብተው የተቀደደውን ልም አጥንት አስተካከሉልኝ።»

«ታዲያ ዳኑ?»

«በኋላ ሐኪሙ ‹ጉልበትዎ እንዴት ነው?› ቢለኝ፣ ‹ድሮ የበርበሬ ኬሻ አነሳ ነበር፣ ዛሬ ደክሟል› አልኩት። ‹የእግርዎን ነው የጠየቅኩዎ› ብሎ ሳቀብኝ።»

«እኔም የጠየቅኩዎ የእግርዎን ነው።»

«ደረጃ እወጣለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጬ ውዬ ያለ ደጋፊ እነሳለሁ። ሌሊት እተኛለሁ። መንበርከክ ግን አልተመለሰልኝም።»

«እኔ የምሄደው ለሶላት ብዬ ነው። ግንባሬ መሬት ካልነካ ምን ይረባኛል?»

«እኔም ለስግደት ብዬ ነበር የሄድኩት። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጬ ተመስገን እላለሁ። እግዜርም አንድም ቀን ‹ተነሺና ስገጂ› አላለኝም።»

ሽማግሌው የተዘረጋ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉ።

«ሌሊት ያስተኛል ነው ያሉኝ?»

«ያስተኛል።»

«እንግዲያ አልሐምዱሊላህ፤ እሄዳለሁ።»

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እኔም በየማለዳው፣ እሱ ይተኛበት በነበረው በኩል፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ተመስገን እላለሁ።