የመሠረቱ ድንጋይ ጩኸት

በ1972 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ በጡረታ የተሰናበቱት አቶ ገብረወልድ የገዛ ቤታቸውን መሠረት በዶማ ሲፈነቅሉ፣ አንድ መንገደኛ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ እጅ ነሣ። ቀና ሲሉ መርዳሳ ነው፤ የጎረቤታቸው የሆራ ልጅ፣ ኦጋዴን ዘምቶ ሁለት ጣቱን እዚያው ትቶ የተመለሰ።

“ጋሼ፣ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው እንዴ?”

“አፍርሼ በግንብ ልሠራው ነው። አንተ መንገድህን ቀጥል።”

አንደኛው ግድግዳ ከተናደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበዛሽ ማድ ቤት ጥግ ተኝተው ይስላሉ፤ ክረምቱም ደጅ ደርሷል። ሽማግሌው ይህን ሳያዩ ቀርተው አይደለም። ነገር ግን ቤቱን የሸጠላቸው ጣሊያናዊ አገር ለቆ ሲሄድ ወርቁን ከመሠረቱ ሥር ቀብሯል የሚል ወሬ ጆሯቸው ገብቷል። ሰውዬው ዕቃ ቤት ውስጥ ትቶት የሄደው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ደግሞ በግድግዳው ዙሪያ ባዞሩት ቁጥር ይጮኻል። ወሬና ጩኸት ሲገጥሙ ደህናውን ሰው ያሳብዳሉ።

“አጠቃቀሙን ማን አስተማረዎ?” አለ መርዳሳ ገባ ብሎ መሣሪያውን ሲያይ።

“ምን ትምህርት ያሻዋል? ብረት ካለ ይጮኻል፣ ከሌለ ዝም ይላል። ሠላሳ ዓመት ከባቡር ጋር ኖሬ ብረት አታውቅም ልትለኝ ነው?”

“ብረቱንስ ያውቁታል ጋሼ። መሣሪያውን ነው የማያውቁት።”

“ኤዲያ! አባትህ ሆራ እንኳ እንዲህ አይመልስልኝም።”

መርዳሳ ከተፈነቀሉት ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀመጠ።

“እኛን ፈንጂ ፍለጋ ከማሰማራታቸው በፊት፣ መምህሩ ራሱ የቀበረውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንፈልግ ከረምን። ጓደኛዬ ፉፋ ያን ጊዜ በወባ ተኝቶ ነበር። ሲሻለው መሣሪያውን አንሥቶ ወጣ። በጮኸ ቁጥር ይቆፍራል፤ ድንጋይ። ደግሞ ይቆፍራል፤ ድንጋይ። ወደ ማታ ሲጮህበት ‘ይሄም ድንጋይ ነው’ ብሎ ረገጠው።”

“ነፍሱን ይማር” አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ። ቆይተው ግን፣ “የኔ ፈንጂ አይደለም” አሉ።

“አይደለም። የርስዎ ቤት ነው።”

“ለመሆኑ ድንጋይ ይጮኻል?”

“የዚህ አገር ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ብረትነት አለው። እስቲ መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁ፣ ሶሉ ምስማር አለው፤ እሱም ያስጮኸዋል።”

አቶ ገብረወልድ እያጉረመረሙ አወለቁ። መርዳሳ ግቢው መሐል ባዶ ጆንያ አነጠፈና መሣሪያውን አሳለፈበት፤ ዝም አለ። ከመሠረቱ የወጣ ድንጋይ አምጥቶ ጆንያው ላይ አስቀመጠ። መሣሪያው ጮኸ፤ ያው ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣቸው ጩኸት።

ሽማግሌው ድንጋዩን አገላብጠው አዩት። ከዚያ መዶሻ አንሥተው ለሁለት ከፈሉት። ውስጡም እንደ ውጪው ጥቁር ነበር።

“ገብሬ፣ ተገኘ እንዴ?” አሉ ወይዘሮ አበዛሽ ከማድ ቤት።

አቶ ገብረወልድ መዶሻውን አስቀመጡ።

“አልተገኘም፣ አበዛሽ። ግድግዳሽን በከንቱ ነው ያፈረስኩት።”

ከማግስቱ ጀምሮ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን ያነሣሉ፤ ከሰዓት በኋላ መርዳሳ የቀበረውን ማንኪያ፣ ምስማርና ሳንቲም ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈልጋሉ። ከመጀመራቸው በፊት የድንጋዩ ብረትነት እንዳያስጮኸው ቁልፉን እያዞሩ መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ማስማማትን ለመዱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማንኪያውን ከምስማሩ በድምፁ ለዩ። ያን ዕለት ቤቱን ዞሩት፤ መሣሪያው አንዴም አልጮኸም። ወርቅ የሚባል ነገር ከቶውንም አልነበረም። ግድግዳው ግን ገና ደረት ላይ ሲደርስ ዝናቡ ቀደመው።

ሐምሌ ላይ ሰብስቤ የሚባል የወለንጪቲ ገበሬ መጣ። አሮጌ የጣሊያን ጦር ሰፈር ሊቆፍር መሣሪያውን እንዲያውሱት ለመናቸው። አቶ ገብረወልድ ማንኪያ አሳዩት።

“በመጀመሪያ ጫማህን አውልቅና እኔ የምቀብረውን ይህን ፈልገህ አግኝ። እዚያ ያልፈነዳ ቦምብ አለ፤ ጩኸቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ይርቃል፣ የማያውቅ ይቆፍራል።”

“ስንት ቀን ይፈጃል አባቴ? እኔ እኮ እቸኩላለሁ።”

“ለመማር አሥራ ሁለት ቀን። እኔ ግን ቸኩዬ፣ ሳልማር ሦስት ወር ቆፈርኩ። ያገኘሁትን ልታየው ትወዳለህ?”

ገና ያልደረቀውን ግድግዳ በእጃቸው አሳዩት። ከግድግዳው ወዲያ የወይዘሮ አበዛሽ ሳል ይሰማ ነበር። ሰብስቤ አዳመጠ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።